ስጦታው ለሰውየው ነው ወይስ ለወንበሩ?



ስለ ምርጫ ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ማን አሸነፈ፣ በስንት ድምፅ አሸነፈ የሚለውን ነው። ፖስተሩን ማን አሳተመው፣ የቴሌቪዥኑን ማስታወቂያ ማን ከፈለ፣ የከፈለውስ ምን አስቦ ነው ብለን የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በዚህ እትም ይህን ጥያቄ ማንሳት ፈልገናል። አቋማችንን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፦ የንግድ ኩባንያ ገንዘብ ወደ ምርጫ ቅስቀሳ ሲገባ ሕግ ጣሪያ ሊያበጅለት ይገባል። ገንዘቡ የሚሄደው የኩባንያውን ዋጋ፣ ግብር ወይም ፈቃድ ለሚወስን ወንበር ከሆነ ደግሞ በሩ ጨርሶ ሊዘጋ ይገባል።

ምሳሌያችንን በብዛት የምንወስደው ከአሜሪካ ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ እዚያ አገር ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየና ብዙው ገንዘብ በመዝገብ የሰፈረ ስለሆነ ነገሩን በግልጽ ማየት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከመካከላችን በሲያትል፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ አጎት፣ አክስት ወይም እህት ያላቸው ጥቂት አይደሉም። እነሱ እዚያ ግብር ይከፍላሉ፤ ዜግነት ያገኙትም ድምፅ ይሰጣሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

መቶ ዓመት ያለፈው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ1904 ቴዎዶር ሩዝቬልት ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ትልልቅ ኩባንያዎች ለቅስቀሳው ብዙ ገንዘብ ሰጥተው ነበር። በማግስቱ ዓመት በኒውዮርክ በመድን ኩባንያዎች ላይ ምርመራ ሲካሄድ፣ የኩባንያዎቹ ኃላፊዎች ለፓርቲ ያዋጡት ከደንበኞቻቸው ከተሰበሰበ ገንዘብ መሆኑ ወጣ። ሰዎች ለክፉ ቀን፣ ለልጆቻቸው ብለው ያስቀመጡት ገንዘብ እነሱ ሳይጠየቁ ፖለቲካ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ቁጣው በረታ፤ ሩዝቬልት ራሱም ኮንግረሱ ነገሩን እንዲከለክል ጠየቀ። በ1907 የቲልማን ሕግ የሚባለው ወጣና ኩባንያዎች ለፌዴራል እጩዎች በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጡ ከለከለ። ይህ ክልከላ ዛሬም አልተሻረም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ሕጉ ግን ለረጅም ጊዜ ጥርስ አልነበረውም። ከ1972ቱ ምርጫ በኋላ፣ በዋተርጌት ቅሌት ምርመራ ወቅት፣ በርከት ያሉ ኩባንያዎች ለፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅስቀሳ በሕገወጥ መንገድ ገንዘብ መስጠታቸው ተጋለጠ። በ1974 ኮንግረሱ የመዋጮም የወጪም ጣሪያ አበጀ፤ የሚቆጣጠር ኮሚሽንም አቋቋመ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 ሕጉን ለሁለት ከፈለው። ለእጩ በሚሰጠው መዋጮ ላይ ጣሪያ ማድረግ ይቻላል አለ፤ እጩውም ሆነ ሌላ ሰው በራሱ በሚያወጣው ወጪ ላይ ግን ጣሪያ ማድረግ የንግግር ነጻነትን ይነካል ብሎ ያንን ክፍል ሻረ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የምርጫ ገንዘብ ክርክር በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከዚያ 2010 መጣ። ሲትዝንስ ዩናይትድ የተባለ አንድ ማኅበር በ2008ቱ ምርጫ ዋዜማ ሂላሪ ክሊንተንን የሚነቅፍ ፊልም ሠርቶ ማሳየት ፈለገ። የ2002ቱ ሕግ ግን ምርጫ ሲቃረብ በኩባንያና በማኅበር ገንዘብ እጩን የሚጠራ ስርጭት እንዳይተላለፍ ይከለክል ነበር። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዘጠኙ ዳኞች በ21 ጃንዩወሪ 2010 አምስት ለአራት ተከፍለው ወሰኑ። የአብላጫውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ፣ ኩባንያ ከእጩው ጋር ሳይመካከር ራሱን ችሎ የሚያወጣው የቅስቀሳ ወጪ ሙስናን አያመጣም፣ ስለዚህ ሊከለከል አይችልም አሉ። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ በረጅም የልዩነት ሐሳባቸው ተቃወሙ። ኩባንያ ሕሊናም እምነትም ስሜትም የሌለው ነገር መሆኑን፣ ከመራጩ ሕዝብ መካከል አንዱ አለመሆኑን አስታወሱ።

ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ተከታዩን በር ከፈተ። ወጪያቸውን ራሳቸውን ችለው ብቻ ለሚያወጡ ቡድኖች በሚሰጥ መዋጮ ላይ ጣሪያ ማድረግ አይቻልም አለ። ሱፐር ፓክ የተባለው የተወለደው ከዚህ ነው። በ2024ቱ ምርጫ አንድ ሰው ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ በቀጥታ መስጠት የሚችለው 3,300 ዶላር ብቻ ነበር፤ ኩባንያ ደግሞ በቀጥታ አንድ ዶላር መስጠት አይፈቀድለትም። ለሱፐር ፓክ ግን ሰውም ኩባንያም የፈለገውን ያህል ሚሊዮን መስጠት ይችላል። የፊት በሩ ተቆልፎ የጓሮው አጥር ፈረሰ ማለት ነው።

ስለ ክሪፕቶ የማያወራ የክሪፕቶ ማስታወቂያ

የዚህን ውጤት በ2024 በግልጽ አየነው። ፌርሼክ የተባለ ሱፐር ፓክ ከክሪፕቶ ኩባንያዎች በተለይም ከኮይንቤዝና ከሪፕል፣ እንዲሁም አንድሪሰን ሆሮዊትዝ ከተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። ኩባንያዎቹ የሚፈልጉት ግልጽ ነበር፤ ኮንግረሱ ስለ ክሪፕቶ የሚያወጣው ሕግ ለሥራቸው እንዲመች።

ቡድኑ በካሊፎርኒያ የሴኔት ቅድመ ምርጫ ኬቲ ፖርተርን ለመቃወም ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በኦሃዮ ደግሞ የሴኔቱ የባንክ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ሼሮድ ብራውን እንዲሸነፉ አጋር ቡድኑ ተፎካካሪያቸውን ለመደገፍ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሰ። ሁለቱም ተሸነፉ። የሚገርመው ማስታወቂያዎቹ ስለ ክሪፕቶ ምንም አለማለታቸው ነው። የኦሃዮ መራጭ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያየው ስለ ሌላ ጉዳይ የሚያወራ ማስታወቂያ ነው፤ የከፈለው ግን የክሪፕቶ ኩባንያ ነው።

ብራውን የተሸነፉት በዚህ ገንዘብ ብቻ ነው አንልም። ኦሃዮ ከዓመታት ወዲህ ወደ ሪፐብሊካኖች ያዘነበለች ክፍለ ግዛት ናት፤ ያ ምርጫ በገንዘብ ብቻ አይገለጽም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነው። ያልተነኩትን የምክር ቤት አባላት አስቡ። ስለ ክሪፕቶ ሕግ ድምፅ ሊሰጥ የተቀመጠ አንድ አባል የብራውን ዕጣ ምን እንደሆነ አይቷል። ማንም ደውሎ አላስፈራራውም፣ ማንም ፖስታ አልሰጠውም፣ አንድም ሕግ አልተጣሰም። ድምፅ ለመስጠት እጁን ሲያነሳ ግን የመረጠውን ሕዝብ ብቻ እያሰበ አይሆንም። ለአንድ ሰው የወጣ ገንዘብ መቶ ሰው ያስፈራል። ትልቁ ጉዳት በመዝገብ የማይታየው ይህኛው ነው።

የረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) መለኪያ

እኛ ሙስሊም ተማሪዎች ይህን ነገር የምንለካበት መለኪያ ከአሜሪካ ፍርድ ቤት መዋስ የለብንም። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የምናውቀው ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑል ሉትቢያ የሚባል ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሰውየው ሲመለስ የሰበሰበውን ለሁለት ከፈለና ይኼኛው የእናንተ፣ ያኛው ግን ለእኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው አለ። ነቢዩ ሚንበር ላይ ወጥተው ተቆጡ። ይህ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆን ያይ ነበር የሚል መልእክት ያለው ጥያቄ ጠየቁ። በሹመቱ ሰበብ ያለ አግባብ የወሰደ ሰውም በቂያማ ቀን ያንኑ ተሸክሞ እንደሚመጣ አስጠነቀቁ።

የጥያቄውን ጥራት ተመልከቱ። ሰጪው ምን አስቦ ነበር የሚል ምርመራ የለውም። ሰውየው ቃል ገብቶ ነበር ወይ ብሎ ምስክር አይፈልግም። የልብን ነገር አላህ ያውቃል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ሹመቱ ባይኖር ስጦታው ይመጣ ነበር? ካልመጣ ስጦታው ለሰውየው አይደለም፤ ለወንበሩ ነው። ወንበሩ ደግሞ የሰውየው ንብረት አይደለም። አማና ነው።

የአሜሪካው ፍርድ ቤት የፈለገው ሌላ ማስረጃ ነው። ገንዘብ ተሰጠ፣ በምላሹ ይህ ተደረገ የሚል የልውውጥ ማስረጃ ካልተገኘ ሙስና የለም ወደሚል ጥግ ሄዷል። ይህ ሚዛን ሞኝ ጉቦኛን ብቻ ይይዛል። ብልሁ መቼም ደረሰኝ አይቆርጥም።

እዚህ ላይ ፈትዋ እየሰጠን አይደለም። ሐዲሱ የተነገረው ሹመት ላይ ስለተቀመጠ ሰው ነው፤ የቅስቀሳ መዋጮ ደግሞ ገና ለሚወዳደር ሰው፣ አንዳንዴም ለእሱ ሳይሆን ስለ እሱ ለሚናገር ቡድን የሚሰጥ ነው። ዝርዝር ብይኑን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። መለኪያው ግን ለማሰቢያ ይበቃናል።

ለሁለቱም ወገን የሚሰጥ ኩባንያ

በዚህ መለኪያ ቨርጂኒያን እንያት፤ በአሌክሳንድሪያና በአካባቢው ብዙ ሐበሻ የሚኖርባትን ክፍለ ግዛት። ቨርጂኒያ ለክፍለ ግዛት ምርጫ የመዋጮ ጣሪያ የላትም፤ ኩባንያም ለእጩ በቀጥታ የፈለገውን ያህል መስጠት ይችላል። ከትልልቆቹ ለጋሾች አንዱ ለዓመታት ዶሚኒየን ኢነርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ኩባንያ በሚሠራበት አካባቢ ሌላ ተወዳዳሪ የለውም። ነዋሪው የመብራት ዋጋ ቢከብደው ወደ ሌላ አይዞርም። የኩባንያውን ዋጋ የሚገመግመው የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሲሆን የኮሚሽኑን ሥልጣን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። ዶሚኒየን ደግሞ ገንዘቡን ለዴሞክራቶችም ለሪፐብሊካኖችም ይሰጣል።

ሁለት ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸውን ሰዎች በእኩል የሚደግፍ ሰው ሐሳባቸውን አይደለም የሚደግፈው። ማን ቢቀመጥ በሩ እንዳይዘጋበት ነው። በ2015 ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ኮሚሽኑ የኩባንያውን መሠረታዊ ዋጋ በየጊዜው የሚገመግምበትን ሥራ ለዓመታት አገደ። ኩባንያው ሕግ አልጣሰም፤ ሕግ የጣሰ አባል አለም አላልንም። ግን ጥያቄውን እንጠይቅ፦ እነዚህ አባላት በቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ የመብራት ኩባንያ በየምርጫው ገንዘብ ይልክላቸው ነበር?

በ2018 አንድ ሀብታም የኢንቨስትመንት ሰው ተነስቶ ከዶሚኒየን ገንዘብ አንቀበልም ለሚሉ እጩዎች ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት መሠረተ። ሐሳቡ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የአንዱን ባለሀብት ኃይል ለመመከት ሌላ ባለሀብት መጠበቅ ካለብን ሕዝቡ የዝሆኖቹን ጠብ ከሚያይ ሣር አይሻልም።

ሲያትል ያሳየችው መንገድ

ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ የሆነችው ሲያትል የበለጠ ታስተምራለች። በሜይ 2018 የከተማው ምክር ቤት ቤት ለሌላቸው ሰዎች መኖሪያ የሚውል ግብር በትልልቅ ኩባንያዎች ላይ በሙሉ ድምፅ ጣለ፤ በአንድ ሠራተኛ በዓመት 275 ዶላር። አማዞንና ሌሎች ኩባንያዎች በብርቱ ተቃወሙ። አንድ ወር ሳይሞላ ያው ምክር ቤት ራሱ ያወጣውን ግብር ሻረው።

በ2019 ከምክር ቤቱ ዘጠኝ ወንበሮች ሰባቱ ለምርጫ ቀረቡ። አማዞን ለከተማው የንግድ ምክር ቤት የምርጫ ክንፍ ወደ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ለአንድ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ ይህ ከባድ ገንዘብ ነው። ሆኖም የንግድ ምክር ቤቱ ከደገፋቸው መካከል ያሸነፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ገንዘቡ ራሱ መነጋገሪያ ሆኖ መራጩን አስቆጣ። በጃንዩወሪ 2020 ከተማዋ የውጭ ባለሀብቶች ድርሻ ያለባቸው ኩባንያዎች በከተማው ምርጫ ገንዘብ እንዳያወጡ የሚገድብ ደንብ አወጣች።

ከዚህ የበለጠ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ግን አለ። የሲያትል ሕዝብ በ2015 በድምፁ ያጸደቀው አሠራር ነው። ከተማው ለነዋሪዎች እያንዳንዳቸው 25 ዶላር የሚያወጡ አራት ኩፖኖች ይሰጣል። ነዋሪው ኩፖኑን ለሚፈልገው እጩ ይሰጣል፤ እጩው ደግሞ የወጪ ገደብ ለመቀበል ከተስማማ ኩፖኑን ወደ ገንዘብ ይቀይራል። ኩፖኑ ለዜጎች ብቻ አይደለም፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ነዋሪዎችም ያገኛሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ታክሲ የሚነዳ ወይም በሆስፒታል ጽዳት የሚሠራ አንድ ወገናችን ከኪሱ ሳንቲም ሳያወጣ መቶ ዶላር የሚያዋጣ ለጋሽ ሆነ። እጩውም ድምፅና ኩፖን ፍለጋ በሩን ያንኳኳል። ከባለሀብት እራት ይልቅ ወደ ተራው ሰው ቤት እንዲሄድ ምክንያት አገኘ ማለት ነው።

የሚነሱ መከራከሪያዎች

የኩባንያን ገንዘብ መገደብ ንግግርን ማፈን ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የሚናቅ መከራከሪያ አይደለም። መንግሥት ማን ይናገር፣ ማን ይዝጋ እያለ እንዲወስን መፍቀድ አደጋ አለው። ነገር ግን የኩባንያው ባለቤት አፍ አለው፣ ሥራ አስኪያጁም አፍ አለው፣ ሠራተኛውም አፍ አለው። እንደማንኛውም ዜጋ ይናገሩ፣ ከኪሳቸውም በጣሪያው ልክ ያዋጡ። ኩባንያ ማለት ሕግ ለንግድ ሥራ ሲባል የፈጠረው አካል ነው። ባለድርሻው ከድርሻው በላይ በዕዳ እንዳይጠየቅ ሕግ ከልሎለታል፤ እንደ ሰው ስለማይሞትም ሀብቱ ለወራሽ ሳይከፋፈል ይከማቻል። ቀብር የለው፣ ሙንከርና ነኪር አይጠይቁት። ለንግድ የተሰጠውን ይህን ልዩ ጉልበት ለምርጫ እንዳያውል መከልከል የማንንም ሰው አፍ መዝጋት አይደለም። በ1905 የተጋለጡት የመድን ኃላፊዎች ታሪክም ይህንኑ ይነግረናል፤ የሌሎችን ገንዘብ ሳይጠይቁ መስጠት ንግግር አይባልም።

ሌሎች ደግሞ ገንዘብ ሁልጊዜ አያሸንፍም ይላሉ። እውነት ነው፤ ሲያትል ምስክር ናት። ግን ጉቦ የሰጠ ሰው ጉዳዩ ስላልተሳካለት ጉቦው ሐላል አይሆንም። ደግሞም የሲያትል ሕዝብ የነቃው ገንዘቡ የታወቀ ኩባንያ ስም ይዞ በአደባባይ ስለመጣ ነው። በማይታወቅ ቡድን ስም ተሸፍኖ ሲመጣስ?

ይፋ ማድረግ ብቻውን ይበቃል የሚሉም አሉ። ይፋ ማድረግ የግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በአሜሪካ አንዳንድ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት የለጋሾቻቸውን ስም ለሕዝብ ሳይገልጹ ለፖለቲካ ማስታወቂያ ገንዘብ ያወጣሉ። ሕንድ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ኩባንያዎች ስማቸው ለሕዝብ ሳይገለጽ ለፓርቲ የሚሰጡበት የምርጫ ቦንድ አስጀመረች፤ ኩባንያ ከትርፉ ሊሰጥ የሚችለውን መጠን የሚወስነውን የቀድሞ ጣሪያም አነሳች። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ15 ፌብሯሪ 2024 አሠራሩን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረና ዝርዝሩ ይውጣ አለ። ዝርዝሩ ሲወጣ ከሁሉ የበለጠ የገዛው አንድ የሎተሪ ኩባንያ ሆኖ ተገኘ፤ 13.68 ቢሊዮን ሩፒ። ይህ ኩባንያ በመንግሥት መርማሪዎች ምርመራ ሲደረግበት የቆየ ነው። ሕዝቡ ይህን ያወቀው ገንዘቡ ተሰጥቶ፣ ምርጫዎችም አልፈው ካበቁ በኋላ ነው።

ከሁሉም ከባዱ መከራከሪያ ግን ይህ ነው፦ የኩባንያ ገንዘብ ከተዘጋ የሚጠቀመው ሥልጣን ላይ ያለው ፓርቲ ነው፤ እሱ የመንግሥት መኪና፣ አዳራሽና ሚዲያ በእጁ ስላለ ተፎካካሪው ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ ስጋት እውነተኛ ነው፤ በተለይ እንደ እኛ ባሉ አገሮች። ስለዚህ ጣሪያው ብቻውን መምጣት የለበትም የምንለው። ከእሱ ጋር ለሁሉም በፍትሐዊ ቀመር የሚከፋፈል የሕዝብ ድጋፍ፣ ነጻ የአየር ሰዓት፣ የመንግሥትን ንብረት ለቅስቀሳ ማዋልን የሚቀጣ ሕግ መኖር አለበት። ብራዚል ይህን መንገድ ሞክራለች። በ2015 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ የኩባንያ መዋጮን ከከለከለ በኋላ በ2017 የሕዝብ የምርጫ ፈንድ አቋቋመች። ፈረንሳይ በ1995 የኩባንያ መዋጮን ዘጋች። ካናዳ ከ2004 ጀምሮ ካጠበበች በኋላ በ2007 ሙሉ በሙሉ ከለከለች። በእነዚህ አገሮች ፓርቲዎች አልጠፉም፤ ነጋዴውም መናገር አላቆመም።

በአገራችንና በግቢያችን

የአገራችን የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ፓርቲዎች ከውጭ ዜጎችና ከውጭ ድርጅቶች ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል፤ ለፓርቲዎች የመንግሥት ድጋፍ የሚሰጥበትን ሥርዓትም ይዟል። መሠረት አለ ማለት ነው። ከመካከላችን የሕግ፣ የኢኮኖሚክስና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ብዙ ናችሁ። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስ ስትመርጡ የፓርቲ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ፣ የሒሳብ ሪፖርቱ ማን እጅ እንደሚገባና ተራው መራጭ እንዴት ሊያየው እንደሚችል አጥኑልን። ነገ ዳኛ፣ ኦዲተር፣ ጋዜጠኛና የምክር ቤት አባል የምትሆኑት እናንተ ናችሁ።

ከነገው በፊት ግን ዛሬ አለ። የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ እየደረሰ ነው። ኅብረቱ በላውንጅ ኪራይ፣ በምግብ ጥራት፣ በኮፒ ቤቶች ዋጋ ላይ አስተያየቱ የሚጠየቅ አካል ነው። ለእጩ ቲሸርት የሚያሳትም፣ ፖስተር በነጻ የሚሠራ፣ ለደጋፊ ምሳ የሚጋብዝ ነጋዴ ቢመጣ መለኪያው ያው ነው፦ እጩው ዶርሙ ውስጥ ተቀምጦ የሚያጠና ተራ ተማሪ ቢሆን ኖሮ ይህ ቲሸርት ይታተምለት ነበር?

ስለዚህ ለሚወዳደሩ የጀመዓችን አባላት ሦስት ነገር እንጠይቃለን። በግቢው ውስጥ ከሚነግድ ወይም ለመነገድ ከሚፈልግ ድርጅት ገንዘብም ዕቃም አትቀበሉ። ከተማሪ የምትቀበሉትን መዋጮ ሁሉም ሊሰጥ በሚችለው አነስተኛ መጠን ወስኑት። ያገኛችሁትንና ያወጣችሁትን ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ለጥፉ። እጩው ሙስሊም ስለሆነ ብቻ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም፤ እንዲያውም ለእሱ ይጠብቅበታል።

በረመዳን ለኢፍጣር ተምር የሚሰጡን ነጋዴዎችስ የሚል ጥያቄ ቢነሳ መልሱ ከዚያው መለኪያ ይገኛል። ጾመኛ ተማሪ ስለ ማንም ዋጋ አይወስንም፤ ተምሩ የሚሰጠው ለጾመኛው ነው። ሰደቃቸውን አላህ ይቀበላቸው፤ በሩ ክፍት ነው። ያው ነጋዴ ያንኑ ተምር በአንድ እጩ ስም ላከፋፍል ካለ ግን በትሕትና እንመልሰዋለን።

ይህን አቋም የማይቀበል አባል ይኖራል። ተቃውሞውን ጽፎ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን፤ በጠቅላላ ስብሰባው ላይም ሦስቱን ነጥቦች ለሹራ እናቀርባለን። ተወያይታችሁባቸው ኑ። አላህ ሐቅን አይተን ከሚከተሉት ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።